ሲስተር እንዴት እንደሚሄዱ

ሰፈሩ "ሲስተር" ይላቸዋል እንጂ ነርስ ሆነው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕሙማን ረዳት ነበሩ፤ አንሶላ ቀያሪ፣ በሽተኛ አጣቢ፣ ሽንት ደፊ። ነገር ግን ነጭ ጋውናቸውን እንደ ወረቀት ተኩሰው ሲወጡ ሲገቡ ያየ ሁሉ ሲስተር አላቸው፤ እሳቸውም ሰው ካከበረኝ እኔ ምን አገባኝ ብለው ዝም አሉ። ጡረታ ሲወጡ ጋውኑ ቀረ፣ ሲስተርነቱ ግን አልቀረም። ልጅ ያተኮሰባት ጎረቤት ሁሉ የምትሮጠው እሳቸው ጋ ነው። ግንባሩን ዳሰስ አድርገው "ውሃ አብዙለት፣ ነገ ካልተሻለው ውሰዱት" ይላሉ። ከዚህ በላይ የሚል ሐኪም ደግሞ የትም የለም።

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። ትዳሯ ከፈረሰ ወዲህ እናቷ ቤት ተመልሳ፣ ቀን ቀን ገበያው ዳር ባለ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ቤቱ የሲስተር የራሳቸው ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ከፊቱ ጠበብ ያለ ግቢ፣ ግቢው ጥግ ላይ መጸዳጃ። ያኔ ሲገዙት የበሩ ደፍ ከፍ ማለቱን ወደውለት ነበር፤ ጎርፍ አይገባም ብለው። እውነትም ጎርፍ ገብቶ አያውቅም። አሁን ግን ያ ደፍ ለባለቤቱ ተራራ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

አምና ግራ ጎናቸውን ነካ ካደረጋቸው ወዲህ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትሆን ደግፋ፣ አቅፋ፣ አንዳንዴም ተሸክማ መጸዳጃ ታደርሳቸዋለች። እሷ ሥራ ስትውል እንዴት እንደሚሆኑ ስትጠይቃቸው "እንደምንም" ብለው ያልፉታል። እንደምንም ማለት ምን እንደሆነ የገባት ቀሚሳቸውን ስታጥብ ነው። የሁሉም ቀሚስ ጉልበቱ ጋ ሳስቷል፤ ሲሚንቶ በልቶታል። ጨርቅ ምን ሲያገኘው እንደዚያ እንደሚያልቅ ለእሷ አይነገራትም። ሳፋው አጠገብ ቁጭ ብላ ቀሚሱን ታቅፋ አለቀሰች። ከዚያ ተነሣችና ከውስጥ በኩል ወፍራም ጨርቅ ደርባ ሰፋችላቸው። እሳቸውም ያዩ አልመሰሉም፣ እሷም አላነሣችባቸውም።

ስለ ገንዘቡ የነገረቻት ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ናት። አቅም የሌላቸውን አረጋውያን ቤት የሚያስተካክል ገንዘብ አለ አለቻት፤ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይተክላሉ፣ ደፉን አፍርሰው ተዳፋት ያበጃሉ፣ የመጸዳጃውን ወለል እንዳያንሸራትት አድርገው ይሠሩታል፣ ያውም በነፃ። ልብስ ሰፊዋ የሴትዮዋን ቀሚስ በደስታ ከሌላው ሁሉ አስቀድማ አሳጠረችላት። በማግሥቱ ገንዘቡን የሚሰጠው ቢሮ በር ላይ ተሰልፋ ተገኘች።

ችግሩ ገንዘቡ ትንሽ፣ አመልካቹ የትየለሌ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የሰው ልጅ መላ አያጣም። አንዱ በሞተች እናቱ ስም ተዳፋት አሠርቶ ዕቃ መጫኛ አድርጎታል፣ ሌላዋ መያዣ ብረቱን ልብስ ማስጫ አድርጋዋለች። ስለዚህ ደንብ ወጣ፤ አዛውንቱ ማንም ሳይረዳቸው ከአልጋቸው ተነሥተው መጸዳጃ ድረስ እንዴት እንደሚሄዱ፣ ከቢሮው የተላከ ሰው ቆሞ በዓይኑ ማየት አለበት። ያላየውን አይጽፍም። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ሲያወጡት ግን እናታቸውን አላሰቧትም።

ሰው ሊመጣ መሆኑ ሲነገራቸው ሲስተር አይቶ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ። ይጽፋል አለቻቸው። ከጻፈስ በኋላ አሉ። ከዚያማ ሠራተኞች ይመጣሉ ብላ የብረቱን፣ የተዳፋቱን፣ የወለሉን ነገር አንድ በአንድ ዘረዘረችላቸው። ሲስተር እስከ መጨረሻው ሰሟትና ግራጫ ቀሚሳቸው እንዲተኮስ አዘዙ።

የተላከው ሰው ገና ወጣት ነው፤ ጫማው አቧራ የጠጣ፣ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ፣ ሳል የሚያጣድፈው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ሲስተር ከአልጋው ጠርዝ ብድግ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ማመን አቃታት። እናቷ ቆመው እንግዳ ሲቀበሉ ካየች ስንት ጊዜዋ። እሳቸው ግን "ግባ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ" እያሉ እጃቸውን ዘረጉለት።

እስከ መጸዳጃው ሄደው እንዲያሳዩት ወጣቱ በትሕትና ሲጠይቃቸው ምን ችግር አለው አሉና መንገድ ጀመሩ። ግድግዳ አልነኩም፣ ወንበር አልያዙም። አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ድሮ በሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር እንደሚሄዱት ሄዱ። ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ግቢው ጥግ የተከሉትን ጽጌረዳ አሳዩት፤ ወጣቱ ወደ ጽጌረዳው ዞር ሲል ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ቀኝ እግራቸውን አሻገሩ፣ ግራውን ጎትተው አስከተሉ። በላይኛው ከንፈራቸው ላይ ችፍ ያለውን ላብ ያየችው ልጃቸው ብቻ ናት። እማዬ ኧረ ተይ ልትል አፏን ስትከፍት በዓይናቸው ገረመሟት፤ መልሳ ዘጋችው። ፀጉሯ ሸብቶም ቢሆን ያንን ዓይን ስታይ እንደ ልጅነቷ ትሆናለች።

ደርሰው ተመለሱ። ይባስ ብለው የወጣቱ ሳል ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቁት፣ ጆሯቸውን ጀርባው ላይ አድርገው አዳመጡለት፣ ሲተኛ ትራሱን ከፍ እንዲያደርግ መከሩት። ወጣቱ ከእኔ ይሻላሉ እኮ እማማ እያለ፣ እየሳቀ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ እስከ ውጭ በር ተከትላው ሄደች። እንግዳ ስላዩ ነው እንጂ እንዲህ አይደሉም፣ ሌላ ቀን በጉልበታቸው እየዳኹ ነው የሚሄዱት አለችው። ወጣቱ አላፌዘባትም። ሁሉም ሰው በር ላይ እንደዚያ እንደሚለው፣ ብዙዎቹም እውነታቸውን እንደሆነ፣ እሱ ግን ያላየውን ቢጽፍ አለቆቹ እንደሚሰርዙት አስረዳት። "በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው እህቴ" አለና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ስትመለስ ሲስተር ጫማቸውን እንዳደረጉ አልጋው ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። የተተኮሰው ቀሚስ ጀርባው በላብ ርሷል። እግራቸው ለብቻው ይንቀጠቀጣል። ልብስ ሰፊዋ ንዴቱም ሐዘኑም አንድ ላይ መጣባት።

"እማዬ፣ ምን በድዬሽ ነው? ያን ሁሉ ልፋቴን ገደል ከተትሽው እኮ።"

ሲስተር ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። ከዚያ ሆስፒታሉ ውስጥ ይሠሩበት ስለነበረው የሕሙማን ክፍል፣ ስለ ዋርዱ ነገሯት። በእሳቸው ጊዜ ጠያቂ የሌላቸው፣ ወይም ጠያቂያቸው የሰለቻቸው አዛውንቶች እዚያ ይከርሙ ነበር። አልጋ ሲጠፋ ወረቀትና ብዕር የያዘ ሰው ከቢሮ ይመጣና እስቲ ተነሥተው ይሂዱ ይላቸዋል። መሄድ የቻለ ወደ ቤቱ ይላካል። ያልቻለ ከከተማው ውጭ ወዳለው መጦሪያ ይጫናል። ገላቸውን አጥበው፣ ልብሳቸውን ጠቅልለው መኪናው ድረስ የሚያደርሷቸው ሲስተር ነበሩ።

"የት ልትወስዱኝ ነው ሲሉኝ፣ ሐኪም ሊያይዎት ነው፣ ቶሎ ይመለሳሉ እላቸው ነበር። እንዲያ በያቸው ተብዬ ነው። አንድም የተመለሰ ሰው አላየሁም።"

"ይሄኛው ብረት ሊያስተክልልን ነው የመጣው፣ እማዬ።"

"እኔም እኮ እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ነበር የምነግራቸው" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ደግሞስ አንቺ ራስሽ ብለሽኝ የለ?"

ልብስ ሰፊዋ እውነትም ብላለች። አንድ ቀን ከሥራ ደክሟት ስትገባ አልጋው ረጥቦ ጠበቃት፤ አንሶላውን እየገፈፈች፣ እኔም ሰው ነኝ፣ እንዲህ ከአቅሜ በላይ ከሆንሽ መጦሪያ ነው የምወስድሽ ብላ ነበር። ድካሟ ነው የተናገረው፣ እሷ ወዲያው ረስታዋለች። እሳቸው ግን በሆዳቸው ይዘውት ከርመዋል። ከአልጋው ሥር ተንበርክካ ማለች፣ ተገዘተች፤ እኔ በቁሜ እያለሁ የትም አትሄጂም አለች። ሲስተር ራሷን ዳበስ ዳበስ አድርገው እሺ አሉ። አላመኗትም፤ እሺ ያሉት እንዳታለቅስ ብቻ ነበር።

የቢሮው መልስ ዘግይቶ መጣ። እናትሽ ራሳቸውን ችለው ይንቀሳቀሳሉ፣ ከሳቸው የባሰባቸው ብዙ አሉ፣ ሁኔታው ከተለወጠ ተመለሺ አሏት። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አላመናጨቃትም፤ ወንበር ሰጥተው አስቀምጠው ነው የነገሯት። እሷ ግን ከዚያ ቢሮ እስከ ቤቷ ድረስ መንገዱን ሳታየው ደረሰች።

ዝናብ መጣ፣ ግቢው ማዳለጥ ጀመረ። አንድ ጧት እናቷን በብብታቸው ሥር ይዛ ደፉን ስታሻግራቸው እግሯ ከዳት። ስትወድቅ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷ ጭንቅላት ሲሚንቶውን እንዳይመታ። እጇን ከሥር ሰደደችው። የሲስተር ጭንቅላት ተረፈ፣ የልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሲስተር ድምፁን በጆሯቸው ሰምተውታል። ሆስፒታል የኖረ ሰው ስለሆኑ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው አላስፈለጋቸውም።

ልብስ ሰፊ ያለ ቀኝ እጇ ምን ትሆናለች? የስፌት ቤቱ ባለቤት አይዞሽ፣ ሲሻልሽ ትመለሻለሽ አለቻት፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በእሷ የስፌት መኪና ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ዋለች። በአንድ እጇ ታበስላለች፣ በአንድ እጇ ታጥባለች፣ በአንድ እጇ እናቷን ልታነሣ ስትታገል ሁለቱም አልጋው ላይ ይዘረራሉ። አንዳንዴ እንደተዘረሩ ይስቃሉ። ሳቁ ግን ቶሎ ያልቅባቸዋል።

ሲስተር ውሃ መጠጣት ተዉ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ልብ አላለችም፤ ሙሉ አድርጋ ያስቀመጠችውን ብርጭቆ እንደሞላ ስታነሣው ነው የገባት። ካልጠጡ አይነሡም፣ ካልተነሡ እሷ አትሸከማቸውም። ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው፣ አለቀሰችባቸው። አልጠማኝም አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ እያየችው አልጠማኝም አሉ። ሲስተር ሌላውን ሰው ሁሉ ውሃ አብዙ የሚሉ ሰው ነበሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቀዳዳ ልትጠቅም መርፌ አነሣች። መርፌውን በጀሶ በታሰረው እጇ ጣቶች መሃል ሰክታ፣ ክሩን በግራ እጇ ልታስገባ ትሞክራለች፤ ትስታለች፤ ክሩን በምራቋ አርጥባ እንደገና ትሞክራለች። ሲስተር ከአልጋቸው ሆነው ብዙ አዩዋት።

"ያንን ልጅ ጥሪው" አሉ።

"የቱን ልጅ?"

"ሊያየኝ የመጣውን። አሁን ይምጣና ይየኝ፤ እውነቱን አሳየዋለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን የት እንዳስቀመጠችው እንኳ አላወቀችም። በመጨረሻ አመነችኝ አለች በልቧ። በዚያው ዝናብ ወጥታ፣ የተሰበረ እጇን በላስቲክ ጠቅልላ ቢሮው ድረስ ሄደች። ብዙ ወር የቆየ ሸክም ከላይዋ የወረደ መስሏት፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም እያለች ተመለሰች።

ወጣቱ መጣ። የልብስ ሰፊዋን ጀሶ አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። ሲስተር አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራጫ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከላዩ ካፖርት ደርበው፣ ፀጉራቸውን በሻርፕ አስረው። ጧት ሲለብሱ ልጃቸው ቤት ውስጥ ካፖርት ምን ያደርግልሻል ብላ ነበር፤ በረደኝ አሏት። በዚህኛው ጊዜ ለእንግዳው አልተነሡም። ደህና ነህ ልጄ፣ ሳሉ ተወህ ወይ አሉት ከተቀመጡበት። ትቶኛል እማማ አላቸው።

"እንግዲህ እይ" አሉት።

የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ወለሉ ወረዱ። ጉልበታቸው ወለሉን ሲመታ ድምፁ ተሰማ። በመዳፋቸው ተደግፈው ቀኝ ጎናቸውን አስቀደሙ፣ ግራውን እንደ ከባድ ዕቃ ጎተቱት። ካፖርቱ ከጉልበታቸው ሥር እየገባ ይጠልፋቸዋል፤ ቆም ብለው ያወጡታል፣ ይቀጥላሉ። ስንቱን በሽተኛ ገላውን ሸፍነው ያጠቡ፣ ስንቱን ከሐፍረት ያዳኑ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ሊሆን በሚችል ወጣት ፊት እንደ ሕፃን ዳኹ። ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም። ልትደግፋቸው ጎንበስ አለች።

"አይንኳቸው እህቴ" አለ ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከተረዱ አይቆጠርላቸውም። እንደገና ሊያደርጉት ነው።"

እጇን መለሰች። አጠገባቸው ሆና አለመንካቱ እጇ ከተሰበረበት ቀን የባሰ አመማት። ወጣቱም ማየቱ ከብዶት ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ሲስተር ከወለሉ ሆነው ቀና አሉ።

"ቀና ብለህ እይ እንጂ ልጄ። ካላየህ ምን ልትጽፍ ነው?"

ቀና አለ። ደፉ ላይ ሲደርሱ በደረታቸው ተኙበት፤ እጃቸውን ወደ ግቢው ሰደው የቀረውን ሰውነታቸውን ጎተቱት። ቀሚሱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ቀጫጭን እግራቸው ተገለጠ። ግቢው ላይ ዝናብ ያቆረው ውሃ ነበር፤ ዞር የሚሉበት ቦታ ስላልነበረ በውስጡ አለፉ። አንዲት ጎረቤት በአጥሩ በኩል አየቻቸውና ቶሎ ብላ ፊቷን አዞረች። መጸዳጃው በር ሲደርሱ ተገላብጠው ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጡ።

"አየህ አይደል፤ በቃ" አሉ። "ልብሴ ከአልጋው ሥር ተጠቅልሏል። መኪናው ውጭ ነው ያለው ወይስ ልጠብቅ?"

ወጣቱ ያሉት አልገባውም። ልብስ ሰፊዋ ግን ገባት። ካፖርቱ፣ ሻርፑ፣ ያንን ልጅ ጥሪው ያሉት፣ ሁሉም ባንዴ ተገጣጠመላት።

"እሷ እስከ መኪናው እንዳትከተለኝ ንገራት" አሉ ሲስተር አሁንም ለወጣቱ። "ቤተሰብ ሲከተል ነው የሚከፋው። እኔን ስታነሣ ነው እጇ የሄደው፤ ኑሮዋ ደግሞ እጇ ነው።"

"እማዬ፣ ማንም የትም አይወስድሽም። ምዬልሽ አልነበረም?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምለሽልኛል። አንቺማ አትሰጪኝም፣ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እኔ ያስጠራሁት።"

ወጣቱ ቦርሳውን አስቀምጦ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ። መኪና እንደሌለ፣ መጦሪያ የሚባል ነገር እንዳልተነሣ፣ ቢሮው የሚከፍለው ለብረትና ለሲሚንቶ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። አሁን ያየው ከበቂ በላይ ስለሆነ እንደሚፈቀድላቸው፣ ሠራተኞቹም እንደሚላኩ ነገራቸው። ግድግዳውን በእጁ እየዳሰሰ መያዣው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ አሳያቸው። ሲስተር በዓይናቸው እጁን ተከተሉት። ከዚያ ፊቱን መረመሩት፤ በለሰለሰ ድምፅ የሚዋሽ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። ቀጥሎ ልጃቸውን አዩ። ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀችላቸው።

"ብረት ብቻ ነው?"

"ብረት ብቻ ነው እማማ።"

አመኑት። ማመናቸው ፊታቸው ላይ ታየ፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። ጭቃ የነከረውን መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። የተላላጠ ጉልበታቸውን አዩት። ጎረቤቲቱ ፊቷን ያዞረችበትን አጥር አዩት።

"ታዲያ ለብረት ነው እንዲህ ያስዳኻችሁኝ?"

ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ውሃው ላይ ተቀመጠችና በደህናው እጇ ቀሚሱን ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ሳበችላቸው።